የሚጣበቅ መጥበሻ፦ አንድ ጥያቄና 28 ምላሾች

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ክር ላይ የቀረበው ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር። ጠያቂው 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ያልተሟሸ አዲስ የካስት አይረን (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት) መጥበሻ አለው። በተልባ ዘይት 6 ጊዜ ቀብቶ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ኦቨን ውስጥ ከቶታል፤ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እያንዳንዱ ዙር 30 ደቂቃ። አሁን የመጥበሻው መካከል ማር የመሰለ፣ ሲነኩት እጅ የሚይዝ ሽፋን አውጥቷል፤ ጠርዙ ላይ ግን ሽፋኑ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላጣል። እንቁላል ሲሰበርበት ተጣብቆ ይቀራል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው አራት ነገር ነው፦ ጥፋተኛው ዘይቱ ነው ወይ፣ ሁሉን ፍቆ እንደገና መጀመር አለበት ወይ፣ በሳሙና ማጠብ ይፈቀዳል ወይ፣ ሻካራውን ትቶ ልሙጡን የድሮ ዓይነት መፈለግ ይሻለው ነበር ወይ።

እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሦስተኛው ምላሽ ብቻውን ይበቃ ነበር። የቀሩት ግን የማይገናኝ የሚመስለውን ሁሉ ስላነሱ ቅደም ተከተላቸውን ይዤ ላስፍራቸው።

ምላሽ 1 በትሕትና ነው የጀመረው። ጠያቂው ዲግሪውንና ደቂቃውን ሳይደብቅ መጻፉን አመስግኖ፣ እጅ የሚይዝ ሽፋን የዘይት መብዛት ምልክት መሆኑን ነገረው። ማሟሸት ብረቱን ዘይት ማጠጣት አይደለም። ስስ ዘይት ሙቀትና ኦክስጅን ሲያገኘው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና ጠንካራ፣ ደረቅ ሽፋን ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዘይት አይባልም። ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ግን ላዩ ደርቆ ታቹ ሳይበስል ይቀርና እንደ ሙጫ ይሆናል። በዚያ ላይ 200 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ለዚህ ሥራ ያጥራል አለ።

ምላሽ 2 ጥፋቱን በሙሉ ተልባው ላይ ጣለ። የተልባ ዘይት በጠባዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ሠዓሊዎችም ቀለም የሚበጠብጡበት ለዚሁ ነው። በብረት ላይ መስተዋት የመሰለ ሽፋን ያወጣል፤ ግን ሽፋኑ ተሰባሪ ስለሆነ ብረቱ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር አብሮት መለጠጥና መሰብሰብ ያቅተዋል። ስለዚህ ይላጣል። ተልባውን ተወት አድርጎ በሱፍ ወይም በአኩሪ አተር ዘይት እንዲጀምር መከረው።

ምላሽ 3 ሁለቱንም አረመ። ይህ መጥበሻ ሁለት በሽታ አለበት እንጂ አንድ አይደለም ባይ ነው፤ መካከሉ የሚጣበቀው በዘይት ብዛት ነው፣ ጠርዙ የሚላጠው ደግሞ በተልባው ጠባይና ሥሩ ባልጸዳ ብረት ነው። ያልተሟሸ መጥበሻ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ሰም ወይም መከላከያ ዘይት ይቀባል። ያ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በሽቦ ተፈትጎ ካልለቀቀ፣ በላዩ የሚቀባው ዘይት የሚይዘው ሰሙን ነው፤ ብረቱን አያገኘውም።

ከዚያ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘረዘረው። የታጠበውን መጥበሻ በጨርቅ ማድረቅ አይበቃም፤ ምድጃ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተጥዶ እርጥበቱ በሙሉ መትነን አለበት። ቀጥሎ ለብ እንዳለ ዘይት ይቀባል። ለ26 ሴንቲ መጥበሻ፣ ውስጡን፣ ውጭውንና እጀታውን ጨምሮ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይተርፈዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው ዋናው ሥራ፦ የተቀባውን ዘይት መልሶ መጥረግ። በመጀመሪያ በተቀባበት ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት ባልነካው ሌላ ደረቅ ጨርቅ። መጥበሻውን ወደ ብርሃን አጋድሞ ማየት ነው፤ ብልጭ የሚል ቦታ ካለ ዘይቱ ገና በዝቷል፣ ጣት ሲያልፍበት መስመር ከተወም እንዲሁ። ዘይት የሚደበቅባቸው ቦታዎች አሉ፤ እጀታው ከገንዳው የሚገናኝበት ጥግ፣ የማፍሰሻው አፍ ሥር፣ ከታች የተጻፈው ፊደል ስንጥቅ ውስጥ። ብረቱ ደብዛዛ ሆኖ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ይጠረጋል። ክር የሚተው ጨርቅና የሚበጣጠስ ወረቀት አይሆንም፤ ክሩ ሽፋኑ ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል።

ቀጥሎ 120 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይና ይወጣል። በጥንቃቄ የተጠረገ በመሰለው ብረት ላይ እንኳ በዚህ ጊዜ ጤዛ የመሰለ ነጠብጣብ ያቆጠቁጣል፤ እሱም በደረቁ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ሙቀቱን ከ230 እስከ 250 ዲግሪ አድርጎ፣ ሙቀቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ አንድ ሙሉ ሰዓት። ኦቨኑ ጠፍቶ መጥበሻው ውስጡ እንዳለ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለ ዙር 3 ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፣ የቀረውን ምግብ ማብሰሉ ራሱ ይሠራዋል።

ምላሽ 4 ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ለምን ይደፋል፣ ዘይቱስ መጨስ አለበት ወይ። ለመጀመሪያው መልሱ ቀላል ነው፤ አፉ ወደ ላይ የሆነ መጥበሻ ትርፍ ዘይቱን ወደ መካከሉ ይሰበስባል፣ የጠያቂው መጥበሻ መካከሉ ማር የሆነውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ግን እሳት ለኮሰ።

ምላሽ 5 ቁጥር ይዞ መጣ። የዘይት የመድረቅ ችሎታ የሚለካው በአዮዲን ዋጋ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ቶሎ ይቆላለፋል። ተልባ ወደ 180 ይጠጋል፣ የአኩሪ አተርና የሱፍ ዘይት በ130 አካባቢ ናቸው፣ የወይራ ዘይት ወደ 85፣ የኮኮናት ዘይት 10 ገደማ ነው። ስለዚህ በኮኮናት ዘይት የሚያሟሽ ሰው ቅባት እያሞቀ ነው እንጂ እያሟሸ አይደለም አለ። በጭሱ ላይ ግን ለዘብ አለ፦ መቆላለፉ ዘይቱ ከሚጨስበት ሙቀት በታችም ይካሄዳል፣ ግን ይዘገያል፤ ሙቀቱ እዚያ ሲደርስ ወይም ትንሽ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ እጅግ ሲያልፍ ደግሞ የተሠራው ሽፋን ራሱ ነዶ አመድ ይሆናል። መስኮት መክፈት ግን አይቀርም።

ምላሽ 6 አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ በቀጭኑ የተቀባ ማንኛውም የምግብ ዘይት ይሠራል፣ በወፍራሙ የተቀባ ግን የትኛውም አይሠራም። ለእኔ ከአምስተኛው ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ምላሽ 5ን የጻፈው ግን አልወደደለትም፤ ሳይንስ የማይገባው ሰው ሁሉ ነገሩን አቅልሎ ያልፈዋል ብሎ ከሥሩ ጨመረበት።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሳሙና ዞረ፣ ድምፁም ተለወጠ። ምላሽ 7 በካስት አይረን ላይ ሳሙና ማስነካት ኃጢአት ነው በሚል ቁጣ ተጻፈ፤ ሽፋኑ ዘይት ነው፣ ሳሙና ዘይትን ያነሣል፣ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም ይላል። ምላሽ 8 እስከ አሁን ሁሉም ይጠቀምበት የነበረውን «እርስዎ» ትቶ በ«አንተ» ገባ። ከላይ ምላሽ 1ን አላነበብክም ወይ ብሎ ጀመረ፤ በደንብ የበሰለ ሽፋን ዘይት መሆኑን ካቆመ ቆይቷል፣ ስለዚህ ዘይት የሚያነሣው ሳሙና አይነካውም። ክልከላው የመጣው ከድሮው ሳሙና ነው። ያ ሳሙና ኮስቲክ ሶዳ በተባለ የሚያቃጥል ጠንካራ ኬሚካል የሚሠራና አንዳንዴም ሶዳው በውስጡ የሚተርፍ ነበር፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ በእርግጥ ሽፋን ያወልቃል። የዛሬው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ኮስቲክ ሶዳ የለውም። በሳሙና የለቀቀ ሽፋን ካለ መጀመሪያውኑ ያልበሰለ ዘይት ነበር። መጥበሻን የሚገድለው ሳሙናው ሳይሆን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማደርና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ጠንካራ ማጽጃና ረጅም እርጥበት ተጋግዘው በአንድ ዙር ያዝጉታል።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ስለ ጨዋነት ናቸው፤ ማን ማንን «አንተ» ማለት ይችላል የሚል። አልፋቸዋለሁ።

ምላሽ 12 ነገሩን ወደ መጥበሻው መለሰችው። ሁሉም ስለ ሽፋን ይከራከራል፣ እንቁላሉ የተጣበቀው ግን ምናልባት በእሳቱ አያያዝ ነው ብላ ጻፈች። ካስት አይረን ሙቀት ይይዛል እንጂ አያዳርስም። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር በኬልቪን 50 ዋት ገደማ ነው፤ አሉሚኒየም ከ230 በላይ፣ መዳብ ወደ 400 ነው። ስለዚህ ትልቅ እሳት ላይ ድንገት ሲጣድ ከነበልባሉ በላይ ያለው ክብ ይነድዳል፣ ጠርዙ ገና ለብ ይላል። መካከለኛ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ እሳት ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፣ መጥበሻውን አንድ ሁለት ጊዜ እያዞሩ ማሞቅ ያስፈልጋል። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምግቡም ቀጥሎ። ፕሮቲን በቀዝቃዛ ብረት ላይ ካረፈ ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ በሞቀና ዘይት በያዘ ብረት ላይ ግን ፊቱ ቶሎ ይረጋና ራሱ ይለቅቃል። ለመገልበጥ መቸኮል ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው፤ ያልለቀቀ ነገር ገና አልደረሰም። ለመፈተኛ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጎ ማየት እንደሚቻል ጨመረች፤ ጠብታው ሳይተን እንደ ሉል እየተንከባለለ ከሄደ ሞቋል።

ምላሽ 13 በጠብታው ላይ ብቻ አረማት፣ በወግ። ጠብታ የሚንከባለለው ብረቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ይህ ለሥጋ ይስማማል፣ ለእንቁላል ግን እጅግ ይበዛል፣ ጠርዙን አቃጥሎ መካከሉን ጥሬ ይተወዋል። ለእንቁላል ቅቤ ጣል አድርጎ አረፋው ቀስ ብሎ ሲነሣና ሲረጋጋ፣ ሳይጠቁር፣ ያኔ መስበር ነው። ካስት አይረን እሳት ሲቀነስለት ወዲያው እንደማይቀዘቅዝም አስታወሰ። ክብደቱ ራሱ የሙቀት መጋዘን ነው፤ በኪሎ ሲለካ አሉሚኒየም የበለጠ ሙቀት ይይዛል፣ ግን በተመሳሳይ ውፍረት ብረቱ ይበልጣል። ምላሽ 12ን የጻፈችው አመስግና ተቀበለች። በዚህ ክር ውስጥ እርማት በምስጋና ሲያልፍ የታየው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የመምረጥ ጉዳይ የተነሣው በምላሽ 14 ነው። ካስት አይረን ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ይዟል፣ ሲሊከንም አለበት። ካርቦኑ በግራፋይት ቅጠል መልክ ብረቱ ውስጥ ተበትኖ ስለሚቀመጥ ብረቱ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው፤ ከእጅ ያመለጠ መጥበሻ እንደ ሸክላ ሊሰነጠቅ ይችላል። የብረት ድስትን በአሸዋ ቅርጽ የማፍሰስ ዘዴ በእንግሊዝ አገር በአብርሃም ዳርቢ ስም ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1707 ነው፤ ዛሬም መጥበሻ የሚፈሰው በአሸዋ ነው፣ በዛሬው መጥበሻ ላይ የሚታየው ሻካራ ፊትም የአሸዋው አሻራ ነው። ግሪስዎልድና ዋግነር የመሳሰሉት የአሜሪካ የድሮ አምራቾች ካፈሰሱ በኋላ ፊቱን ፍቀው ያለሰልሱት ነበር። ይህ ጉልበትና ጊዜ ስለሚፈጅ አብዛኛው የዛሬ አምራች ትቶታል። እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው የአሜሪካው መጥበሻ አምራች ሎጅ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በፋብሪካ አሟሽቶ ማቅረብ የጀመረው፣ ገዢውን ከዚህ ጠያቂ ጣጣ ለማዳን ነው ሊባል ይችላል።

ሻካራው ከልሙጡ ያንሳል ወይ ለሚለው ግን መልሱ አይደለም የሚል ነው። ሻካራው ለሽፋን ተጨማሪ መያዣ አለው፣ በተደጋጋሚ ሲበሰልበትም ጎድጓዳው እየሞላ ይለሰልሳል። ልሙጡ ገና ከመጀመሪያው ለእንቁላል ይመቻል፣ ቀለልም ይላል፤ ዋጋው በብዙ ከፍ ማለቱ ብቻ ነው ጉድለቱ። ሲመርጡ ከስም ይልቅ የሚከተሉትን ማየት ይሻላል፦ ግድግዳው ዙሪያውን እኩል መወፈሩን፣ ከዋናው ትይዩ ሁለተኛ ትንሽ እጀታ መኖሩን፣ ማፍሰሻው በሁለቱም በኩል መሆኑን። 26 ሴንቲ መጥበሻ ባዶውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ 30 ሴንቲው ወደ 3 ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ በአንድ እጅ ማንሣት የማይችል ሰው ትልቁን ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ምላሽ 15 ሻካራውን ቤት ውስጥ ማለስለስ ይቻላል አለ፤ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ120 ይጨረሳል፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። ምላሽ 16 ወዲያው አስጠነቀቀ፦ ከዚያ አልፈው በ400ና ከዚያ በላይ ቁጥር እስኪያብለጨልጭ የሚፈገፍጉ አሉ፣ ያኔ ሽፋኑ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይንሸራተታል። የጠያቂው መጥበሻ ችግሩ ሻካራነት አለመሆኑንም አክሎ፣ ያልታመመውን አካል አታክሙ በሚል ዓይነት ዘጋው።

ምላሽ 17 ያገለገለ ዕቃ ለሚገዙ ጠቃሚ ነው። መጥበሻውን በእጀታው አንጠልጥሎ በእንጨት ማንኪያ መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ ታፍኖ ደንቆሮ ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ ይኖርበታል። ስንጥቅ አይጠገንም፣ ማሞቅ ያሰፋዋል። መስተዋት ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጣት መጫን ደግሞ መጉበጡን ይነግራል፤ የሚሽከረከር ከሆነ ለጋዝ ይሆናል፣ ለጠፍጣፋ የመስተዋት ምድጃ ግን አይሆንም። ፊቱ ላይ ቀላ ያለ፣ በማሟሸት የማይለቅቅ መልክ ካለው እሳት ውስጥ ተጥሎ የነበረ ዕቃ ነው። አንድ ሌላ ከባድ ጉዳይም አነሣ፦ አሮጌ የብረት ዕቃ ላይ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ማቅለጥ የተለመደ ነበር። ምንጩ የማይታወቅ ዕቃ በእርሳስ መመርመሪያ ይፈተሻል፤ እርሳስ ከተገኘበት አጥቦ ወይም አቃጥሎ ማዳን የለም፣ ለምግብ አይሆንም።

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ጤና ዘወር አለ። ምላሽ 18 በካስት አይረን የሚበላ ሰው የደም ማነስ አይነካውም ብሎ ጻፈ። ምላሽ 19 በአጭሩ አስቆመው፦ ብረት ወደ ምግቡ መግባቱ እውነት ነው፣ በተለይ ምግቡ ኮምጣጣና እርጥብ ሆኖ ረጅም ሰዓት ሲቆይ፤ ግን ይህ ሕክምና አይደለም፣ መጠኑም ከመጥበሻ መጥበሻ ይለያያል። ሄሞክሮማቶሲስ ላለበት፣ ማለትም ሰውነቱ ብረት እየሰበሰበ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ጉዳት ነው። ለማብሰል ሥራ የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ቲማቲም፣ ሎሚና አቼቶ በደንብ በሟሸ መጥበሻ ላይ ለአጭር ጊዜ ቢያልፉ ግድ የለም፣ ሰዓታት የሚንተከተክ ኮምጣጣ ነገር ግን ሽፋኑን ይበላል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል። ለዚያ ኢናሜል፣ ማለትም መስተዋት መሰል ልባጥ፣ የተለበጠ ድስት አለ፤ እሱ አይሟሽም፣ ባዶውንም በከፍተኛ እሳት አይሞቅም፣ ኢናሜሉ ይሰነጠቃል።

ምላሽ 20 ወደ ዋናው ጥያቄ ተመለሰ፤ የተበላሸውን ሽፋን እንዴት ማውለቅ ይቻላል? መልሱ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ለ20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃ በሶዳ ላይ በፍጹም አይፈስም፤ ከተገላበጠ ፈልቶ ይረጫል። የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። አሉሚኒየም ባልዲም ሆነ አሉሚኒየም ክዳን አጠገቡ መድረስ የለበትም፣ ሶዳው አሉሚኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ብረቱን ግን አይነካውም፤ አንድ ቀንም ቢቆይ ሳምንትም ቢቆይ ሽፋኑን ብቻ ያወልቃል። ዝገት ግን አያነሣም።

ምላሽ 21 ለዚህ ሁሉ ምን አደከመን፣ ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ውስጥ መክተት ወይም ፍም ላይ መጣል ይቀላል አለ። ሦስት ሰው ተረባርቦበታል፤ ከመካከላቸው ምላሽ 22 ብቻ ምክንያት ሰጠ። የማጽጃው ዙር ወደ 480 ዲግሪ ስለሚደርስ መጥበሻ ሊጎብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ፍም ደግሞ ማንም የማይቆጣጠረው ሙቀት ነው፤ በምላሽ 17 የተጠቀሰው ቀላ ያለ መልክ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ምላሽ 23 በኤሌክትሪክ የማጽዳት ዘዴን አነሣ፤ ውሃ፣ ለ4 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት፣ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር። የመጥበሻው ቦታ ኔጋቲቭ ላይ ነው፣ ፖዘቲቭ ላይ የሚታሰረው የማይፈለግ ተራ ብረት ነው። ዝገትንም ሽፋንንም አብሮ ያነሣል። ጸሐፊው አይዝጌ ብረት ማሰርን እንደ ብልሃት መጥቀሱ ግን ምላሽ 24ን አስቆጣ፤ አይዝጌ ብረት ክሮሚየም ስላለው ውሃው ውስጥ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም የተባለ መርዝ ይለቅቃል፣ የሰው ሕይወት የሚነካ ምክር ሳይጣራ አይጻፍም። ንግግሩ ስለታም ነበር፣ ግን ልክ ነበር። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ መሠራት እንዳለበትም ጨመረ። ምላሽ 23 ተስተካክሏል፣ ይቅርታ ግን የለውም።

ዝገትን በተመለከተ ምላሽ 25 ለቀላሉ ሽቦና ሳሙና፣ ለከባዱ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል መሆኑን ጻፈ፤ በየ30 ደቂቃው እያወጡ እያዩ። ሌሊቱን የተወ ሰው ጠዋት ላይ ዝገቱ የበላውን ብቻ ሳይሆን አቼቶው የበላውን ብረትም ያገኛል። ከአቼቶ የወጣ ባዶ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ስለሚሆን ወዲያው ታጥቦ፣ እሳት ላይ ደርቆ፣ ዘይት ይነካዋል። የዕለት አያያዙንም እዚያው አካተተው፦ ምግቡ እንደወጣ ገና ሞቅ እያለ ሙቅ ውሃ ማድረግ፣ የተጣበቀውን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሣት፣ የከበደውን በአንድ ማንኪያ ሸካራ ጨውና በጥቂት ዘይት ማሸት። በጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን አይሆንም፣ ድንገት የተሰበሰበ ብረት ይሰነጠቃል። ከታጠበ በኋላ እሳት ላይ ማድረቅ፣ ጥቂት ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ያው መጥረግ። ክዳን ዘግቶ ማስቀመጥ እርጥበት ያምቃል፤ ተደራርበው የሚቀመጡ ከሆነ በመካከላቸው ወረቀት። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ የአትክልት ዘይት ስለሚበላሽ ለምግብ የሚሆን የማዕድን ዘይት ይሻላል። በማግኔት ኃይል በሚያሞቀው ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ ደግሞ ከዝቅተኛው ጀምሮ መጨመር፣ መስተዋቱን እንዳይጭር መጥበሻውን ሳይጎትቱ ማንሣት።

ምላሽ 26 ጠያቂው ራሱ ነው። ሽፋኑን በኮስቲክ ሶዳ አውልቆ፣ በሱፍ ዘይት የመጀመሪያውን ዙር በ240 ዲግሪ ደፍቶ አብስሏል። አሁን የሚጣበቅ ነገር የለም፣ የሚላጥም የለም፤ ግን ፊቱ ላይ እንደ ነብር ቆዳ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። እንደገና ማውለቅ አለብኝ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 27ን የጻፈው የምላሽ 3 ባለቤት ነው። ነጠብጣቡ የሚመጣው ዘይቱ ሲሞቅ ቀጥኖ ወደ ጠብታ ስለሚሰበሰብ ነው፤ ጠብታው ያረፈበት ወፍሮ ይበስላል፣ ዙሪያው ይሳሳል። ጉዳት የለውም፣ ለማውለቅም አያበቃም፤ የሚቀጥሉት ዙሮች ያመሳስሉታል። ብቻ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጥቶ፣ ዘይት ባልነካው ሁለተኛ ጨርቅ ጠርጎት ነበር ወይ ሲል ጠየቀው።

ምላሽ 28 አንድ ቃል ነው። አልጠረገውም።